የተበላ የብሎን ጥርስ፦ በአሮጌ ሞተርሳይክል ላይ የትኛው ጥገና ይሻላል?

ብሎን እየጠበቀ መጥቶ ድንገት ሲላላ እጅ ያውቀዋል። ቁልፉ የሚገፋው ነገር ያጣል፣ ብሎኑ በባዶ ይዞራል፣ ሲወጣም በጥርሶቹ መካከል የተጠመጠመ የአሉሚኒየም ክር ይዞ ይወጣል። በአሮጌ ሞተርሳይክል ላይ ይህ የታወቀ ጣጣ ነው። ብሎኑ ብረት ነው፤ የሚገባበት የሞተር ቀፎ ወይም ቴስታታ (የሲሊንደሩ ክዳን) ግን ለስላሳ አሉሚኒየም ነው። ባለፉት አርባና ሃምሳ ዓመታት ስንት እጅ በስንት ዓይነት ቁልፍ እንዳጠበቀው ማንም አያውቅም። አሉሚኒየም ደግሞ ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ስለሚለጠጥ፣ ሞተሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር ጥርሱ ላይ ጫና ይመላለስበታል።

መፍትሔው ከአንድ በላይ ነው፤ ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው። ረዘም ያለ ብሎን፣ የሽቦ ጥቅል፣ ቦኮላ፣ ቀዳዳ ማስፋት፣ ኢፖክሲ፣ ብየዳ፦ ሁሉም ደጋፊ አላቸው። ብዙ ሰው ሲያወዳድር «የቱ ይጠነክራል?» ብሎ ይጀምራል። እኔ የምጀምረው ከሌላ ጥያቄ ነው፦ ይህ ጥገና ስንት አሉሚኒየም ይበላል? ቢከሽፍስ ለሁለተኛ ሙከራ ምን ይተውልኛል? በትክክል የገባ የሽቦ ጥቅልም ሆነ ቦኮላ ከመጀመሪያው የአሉሚኒየም ጥርስ ስለሚበረታ የጥንካሬው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ ወሬ ነው። ምትኩ በማይገኝ ቀፎ ላይ ግን አንዴ የተሰረሰረ አሉሚኒየም ተመልሶ አይመጣም።

በእርግጥ ተበልቷል? ጥርሱስ የየትኛው ነው?

ቀዳዳውን በካርቡሬተር ማጽጃና በናይሎን ብሩሽ አጽድቶ በባትሪ ማየት ይቀድማል። ብዙ ጊዜ የተበላሹት ብሎኑ ተጣሞ ሲገባ የታጠፉት የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ጥርሶች ብቻ ናቸው። ለእነዚህ ማቃናት ይበቃል። ማቃኛው፣ ማለትም የታጠፈ ጥርስ የሚያስተካክለው መሣሪያ፣ አዲስ ጥርስ ከሚቆርጠው ታፕ የተለየ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ መቁረጫ ታፕ ያለውን ጥርስ እየላጨ ይበልጥ ያላላዋል። ማቃኛ ከሌለ ደህና የብረት ብሎን ይፈለግና በጎኑ በኩል በሞረድ ከጫፍ እስከ ላይ አንድ ቦይ ይወጣለታል። ዘይት ተቀብቶ በእጅ ሲገባ ቆሻሻውን በቦዩ እየሰበሰበ ጥርሱን ያቃናል።

ቀጥሎ የጥርሱን ዓይነት መለየት ነው። የጃፓን፣ የጣሊያንና የጀርመን ሞተርሳይክሎች በሚሊሜትር የተሠሩ ናቸው፦ ኤም 6 በ1.0 (ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር፣ ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት 1.0 ሚሊሜትር ማለት ነው)፣ ኤም 8 በ1.25፣ ኤም 10 በ1.25 ወይም በ1.5። ወጥመዱ ያለው በእንግሊዝ ሠራሾች ላይ ነው። በአንድ አሮጌ ትራያምፍ ወይም ቢኤስኤ ላይ የዊትወርዝም፣ የብሪቲሽ ፋይንም፣ የሳይክል ጥርስም (ሦስቱም የእንግሊዝ የኢንች መስፈርቶች ናቸው) ሊገኝ ይችላል። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ አሜሪካው ዩኒፋይድ ተዛውረዋል። ሩብ ኢንች የብሪቲሽ ፋይንና ሩብ ኢንች የሳይክል ጥርስ ሁለቱም በኢንች 26 ጥርስ አላቸው፤ ሆኖም የመጀመሪያው ማዕዘን 55 ዲግሪ፣ የሁለተኛው 60 ዲግሪ ነው። አምስት አሥራ ስድስተኛ ኢንች ብሎን 7.94 ሚሊሜትር ስለሚለካ ከኤም 8 ጋር በዓይን አይለይም። ካሊፐርና የጥርስ መለኪያ ሳይዙ «ኤም 8 ይመስላል» ብሎ ታፕ ማስገባት ደህና የነበረውን ጥርስ ራሱ ያጠፋዋል። ብዙ «በራሱ የተበላ» ጥርስ እንዲህ ባለ ግምት የተበላ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሳይሰረስሩ የሚያልፉበት መንገድ

ብዙ ሰው የሚዘለው፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን ረዘም ያለ ብሎን ነው። ፋብሪካው የሰረሰረው ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ከብሎኑ ይጠልቃል፤ ከታች ያለው ጥርስ ሳይነካ ተቀምጧል ማለት ነው። በቀጭን ሽቦ ጥልቀቱን ለክቶ ከብሎኑ ርዝመት ጋር ማስተያየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከታች አምስት ስድስት ሚሊሜትር ንጹሕ ጥርስ ከተገኘ ለሽፋን ብሎን ይበቃል። ለኤም 6 በአሉሚኒየም ውስጥ የሚመከረው ከ9 እስከ 12 ሚሊሜትር፣ ማለትም የብሎኑን ውፍረት አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ ያህል ጥርስ መያዝ ነው። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ጥብቀቱን መቀነስ ይገባል።

ጥንቃቄ የሚፈልጉ ሁለት ነገሮች አሉ። ቀዳዳው ድፍን፣ ማለትም ታቹ የተዘጋ ከሆነና ብሎኑ ከረዘመ፣ ሽፋኑን ሳይጨብጥ የቀዳዳውን ታች ይነካል፤ ሰው የጠበቀ መስሎት ሲገፋ ቀፎው ይሰነጠቃል። ቀዳዳው ዘልቆ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ከጀርባው ማርሽ፣ ሰንሰለት ወይም ፍሪሲዮን ሊኖር ይችላል። ሞተሩን በእጅ አዙሮ ሳያረጋግጡ ረጅም ብሎን አያስገቡ።

ቦታው የሚፈቅድ ከሆነ የዘለቀውን ቀዳዳ ጥርስ ትቶ ከኋላ በዳዶ ማሰርም ይቻላል። ለሞተር መያዣዎችና ለሰንሰለት ሽፋን ይሠራል፤ ለሌላው ብዙም ዕድል የለውም።

የሽቦ ጥቅል

ብዙ ሰው በንግድ ስሙ ሄሊኮይል ብሎ የሚጠራው ይህ ነው። ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ሲቆረጥ የአልማዝ ቅርጽ የሚያሳይ ሽቦ እንደ ስፕሪንግ ተጠምጥሞ ቀዳዳው ውስጥ ይገባና ውስጡ እንደ መጀመሪያው መጠን ጥርስ ይሆናል። «ይህ የጠገነ ሰው ጥበብ እንጂ እውነተኛ ጥርስ አይደለም» የሚሉ አሉ። በአውሮፕላን የአሉሚኒየም ክፍሎች ላይ ግን ፋብሪካው ራሱ ከመጀመሪያው የሚያስገባው ነገር ነው።

ለአሮጌ ሞተር የምመርጠው በቁጥር ምክንያት ነው። ለኤም 6 ጥቅል ቀዳዳው በ6.3 ሚሊሜትር ፑንታ ይሰፋል፤ የጥቅሉ የራሱ ታፕ ሲቆርጥ የውጩ ስፋት 7.3 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ያንኑ ቀዳዳ ወደ ኤም 8 ብናሰፋው 8 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ብሎኑም ይወፍራል፣ ሽፋኑም መሰርሰር ይኖርበታል። ለኤም 8 ጥቅል የውጩ ስፋት 9.6 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ማለትም ጥቅሉ መጠኑን ሳይለውጥ፣ ወደ ቀጣዩ የተለመደ መጠን ከማስፋት ያነሰ አሉሚኒየም በልቶ፣ ከላይ ሲታይ ምንም ያልተነካ አስመስሎ ይተወዋል። የሞተሩን ውበት እንደነበረ ማቆየት ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ድክመቱም መነገር አለበት። ጥቅሉ በውጥረቱ ብቻ ስለሚያዝ፣ ብሎኑ ብዙ ጊዜ በሚወጣና በሚገባበት ቦታ፣ በተለይ ካርቦን ወይም ዝገት ሲይዘው፣ ከብሎኑ ጋር ተያይዞ ሊወጣ ይችላል። ማይዝግ ብሎን በማይዝግ ጥቅል ውስጥ ሲጠብቅም ሁለቱ ይናከሳሉ። ሞተሩን በሚያበሩ ማይዝግ የአለን ብሎኖች ማስጌጥ የሚወዱ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነው፤ ዚንክ የተቀባ ተራ ብሎን ለዚህ ቦታ ይሻላል።

አገባቡ፦ ጥቅሉ ከቀዳዳው አፍ ከሩብ እስከ ግማሽ ጥርስ ያህል ዝቅ ብሎ መቆም አለበት። ከፍ ካለ ሽፋኑ ሲገጠም ተጭኖ ይበላሻል። ታች ያለችው ማስገቢያ ምላስ በቀጭን መምቻ አንዴ ትመታና ትሰበራለች፤ ስብርባሪዋ ቀዳዳው ውስጥ መቅረት የለባትም፤ በማግኔት ለማውጣት ግን አይሞክሩ፤ ማይዝጉ ብረት ማግኔት እምብዛም አይስበውምና በግራሶ ጫፍ ወይም በፒንሳ ይወጣል።

ጥርስ ያለው ቦኮላ

ቦኮላ ከውስጥም ከውጭም ጥርስ የወጣለት አጭር፣ አንድ ወጥ ቧንቧ ነው። የተሻሉት ከላይ ክንፍ አላቸው፤ ክንፉ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ከላይ ይቆረጥለታልና ቦኮላው ወደ ታች አይሰምጥም። ማስገቢያው መሣሪያ በመጨረሻዎቹ ጥርሶች ውስጥ ሲያልፍ ግድግዳውን ወደ ውጭ ስለሚገፋው ቦኮላው እዚያው ይነከሳል። ከዚያ በኋላ ብሎን ሲወጣ አብሮ የመውጣት አደጋው በጣም ትንሽ ነው።

ዋጋው የሚከፈለው በሁለት መንገድ ነው። ኪቱ ውድ ነው፤ ለአንድ የጥርስ መጠን ብቻ የሚያገለግል መሆኑ ደግሞ ያናድዳል። ግድግዳው ወፍራም የሆነ ዓይነት ከተመረጠም ከሽቦ ጥቅል የበለጠ አሉሚኒየም ይበላል። ጠርዝ አጠገብ ባለ ቀዳዳ ላይ ቦኮላ ማስገባት ቀጭኑን ግድግዳ ሊሰነጥቅ ይችላል። ስለዚህ ቦኮላን ለሁሉም ቀዳዳ አላደርገውም፤ ብሎኑ በየጊዜው ለሚወጣበትና ሙቀት ለሚበዛበት ቦታ አስቀምጠዋለሁ።

ማስፋት፣ ኢፖክሲና ብየዳ

ማስፋት ቀላሉ መንገድ ይመስላል፤ ፑንታና ታፕ ብቻ ይበቃል። ኤም 6ን ወደ ኤም 7 ማሳደግ ከሽቦ ጥቅሉም ያነሰ ይበላል፤ የጥርሱ ርቀት ያው 1.0 ነውና። ኤም 7 ብሎን ግን በየቦታው አይገኝም፤ ከጎረቤቶቹ ኤም 6 ብሎኖች መካከል አንዱ ለብቻው ሌላ ቁልፍ የሚፈልግ መሆኑም ለቀጣዩ ባለቤት እንቆቅልሽ ነው። ማስፋትን የምቀበለው ከዓይን ለተሰወረ ቦታ፣ ወይም ከታች ወፍራም ከላይ እንደ መጀመሪያው ቀጭን የሆነ ባለ ሁለት መጠን ስተድ (ራስ የሌለው፣ በሁለቱም ጫፍ ጥርስ ያለው ብሎን) ማስገባት ሲቻል ነው። ይህ ስተድ በቶርኖ ሊሠራ ይችላል፤ ከውጭ ሲታይም ልዩነቱ አይታወቅም።

ለዘይት ማፍሰሻ ብሎን የሚሸጥ፣ ራሱ ጥርስ እየቆረጠ የሚገባ ወፍራም ብሎንም አለ። መንገድ ላይ ለቀረ ሰው መድኃኒት ነው፤ ቤት ውስጥ ጊዜ ላለው ሰው ግን አይመከርም። ቀጥ ብሎ ለመግባቱ ዋስትና የለውም፤ የቆረጠውንም ፍቅፋቂ ወደ ዘይቱ ይጥለዋል።

ኢፖክሲ ላይ ብዙ ቃል አላጠፋም። ብሎኑ ሙጫ እንዳይዘው ተቀብቶ፣ ቀዳዳው በኢፖክሲ ተሞልቶ፣ ሲደርቅ ብሎኑ ይወጣና ጥርስ ይቀራል። ለቀላል የፕላስቲክ ወይም የቆርቆሮ ሽፋን ያገለግላል። ዘይት የጠጣ አሮጌ አሉሚኒየም ሙጫ አጥብቆ አይዝም፤ ሙቀትና ግፊት ባለበት ቦታማ ጨርሶ አይታሰብም። የከፋው ነገር ደግሞ በኋላ ትክክለኛ ጥገና ሲፈለግ የደረቀው ኢፖክሲ ፑንታውን ከመሐል ገፍቶ ቀዳዳውን ማጣመሙ ነው።

ብየዳ ሌሎቹ ሁሉ የማይሠሩበት ቦታ ላይ የሚቀር ነው፦ ቀዳዳው ዙሪያው ተሰንጥቆ ወይም ተገምሶ ሲወድቅ፣ ወይም ሦስት ሰው በየተራ ሲያሰፋው ቆይቶ ግድግዳ ሲያልቅ። በአርጎን ሞልቶ፣ አስተካክሎ፣ እንደገና ሰርስሮ ጥርስ ማውጣት ማለት ነው። አሮጌ ቀፎ ለዓመታት ዘይት ስለጠጣ ሲበየድ ይፈላል፣ ይቦጫረቃል፣ ሙቀቱም ጋስኬት የሚቀመጥበትን ገጽ ሊያጣምም ይችላል። ኩሽኔቶቹ መውጣት አለባቸው። ይህ ቤት ውስጥ የሚሠራ አይደለም፤ አሉሚኒየም መበየድ ለለመደ ባለሙያ ይሰጥ። አንዳንድ አሮጌ ሞተሮች፣ ለምሳሌ የኖርተን ማንክስ ውድድር ሞተር ቀፎ፣ ከማግኒዚየም የተሠሩ ናቸው። የማግኒዚየም ፍቅፋቂ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ከተቀጣጠለም ውኃ ያባብሰዋል። ስለዚህ ከመሰርሰሩም በፊት የቀፎው ማዕድን ምን እንደሆነ ማወቅ ግድ ነው።

በየቦታው የቱን ልምረጥ?

ለጎን ሽፋኖች ኤም 6 ብሎኖች፦ መጀመሪያ ረዘም ያለ ብሎን፣ ካልሆነ የሽቦ ጥቅል። ከዚህ ማለፍ አያስፈልግም። በጃፓን ሞተሮች ላይ ጥርሱ ብቻ ሳይሆን የመስቀሉ ራስም የተላጠ ሆኖ ይገኛል፤ እነዚህ ራሶች ለጃፓን መስፈርት የተሠራ ካቻቪቴ ይፈልጋሉ፣ ተራው የመስቀል ካቻቪቴ እየዘለለ ይልጣቸዋል።

ለካንዴላ፦ ቦኮላ፣ ያለ ብዙ ማመንታት። የካንዴላ ጥርስ በብዛት 14 ሚሊሜትር በ1.25 ነው፤ የሆንዳ ሲቢ 750 ግን 12 ሚሊሜትር፣ ትንንሾቹ የሆንዳ ኩቦች ደግሞ 10 ሚሊሜትር ካንዴላ ይወስዳሉ። ካንዴላ በተደጋጋሚ ይወጣል፤ ሙቀቱን ወደ ቴስታታ የሚያስተላልፈውም በዋናነት በጥርሱና በመቀመጫው በኩል ነው። የሽቦ ጥቅል ከካንዴላው ጋር ሊወጣ ይችላል፤ ረዝሞ ወደ ማቃጠያው ክፍል ከወጣም ጫፉ ግሎ ነዳጁን ያለጊዜው ያቀጣጥላል። ቦኮላም ቢሆን ርዝመቱ ከቀዳዳው ጋር እኩል መሆን አለበት፤ የካንዴላ ጥርስ በብዛት 12.7 ወይም 19 ሚሊሜትር ርዝመት አለውና አስቀድሞ ይለካ። ቴስታታው ሳይወርድ መሥራት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ፒስተኑ ዝቅ ይደረግና የታፑ ጎድጓዶች በግራሶ ይሞላሉ። እኔ ግን በአሮጌ ሞተር ላይ ቴስታታውን ማውረድ እመርጣለሁ፤ አዲስ ጋስኬት መግዛት፣ ሲሊንደር ውስጥ የቀረ ፍቅፋቂ ከሚያደርሰው ጉዳት ይረክሳል።

ለዘይት ማፍሰሻ፦ ክንፍ ያለው ቦኮላ፣ ወይም በጥንቃቄ የገባ የሽቦ ጥቅል። የመዳብ ሮንዴላውን መቀየር አይርሱ፤ ብዙ ማፍሰሻ የሚበላው ያረጀ ሮንዴላ ሲያንጠባጥብ በጉልበት ለማስቆም ሲሞከር ነው።

ለጭስ ማውጫ፦ ስተዶቹ ከሆኑ የሽቦ ጥቅል ከመዳብ ወይም ከነሐስ ዳዶ ጋር። የኖርተን ኮማንዶ ነገር ግን ሌላ ነው። በዚያ ሞተር ላይ ጭስ ማውጫው የሚታሰረው ቴስታታው ላይ በቀጥታ በወጣ ትልቅ ጥርስ ነው፤ ዳዶው ሲላላ ንዝረቱ ጥርሱን ያኝከዋል። ለዚህ የሚታወቀው መፍትሔ በቶርኖ ወይም በፍሬዛ ቴስታታውን አስፍቶ የነሐስ ቦኮላ ማስገባት ነው፤ ቤት ውስጥ መሞከር የለበትም።

ለሲሊንደር ስተዶች፦ ለምሳሌ በአሮጌ አየር ቀዝቃዛ ቢኤምደብሊው ላይ ስተዱ ጥርሱን ከቀፎው ይዞ የመውጣቱ ነገር የታወቀ ነው። እዚህ ላይ ጭነቱ ከባድ ስለሆነ ረጅም፣ የስተዱን ውፍረት ሁለት እጥፍ የሚደርስ ጥቅል ወይም ቦኮላ ያስፈልጋል። ቀዳዳው ትንሽ እንኳ ከተጣመመ ሲሊንደሩ አይቀመጥም። የቆመ የመሰርሰሪያ ማሽን ወይም ጥሩ መሪ ብሎክ ከሌለ ለባለ ቶርኖ መስጠት ገንዘብ ማባከን አይደለም።

ሥራውን የሚያበላሹት

ዘዴው የቱም ይሁን፣ ጥገናው የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ በማዘንበል ነው። ለመሪነት ወፍራም የእንጨት ወይም የአሉሚኒየም ቁራጭ በቆመ ማሽን ይሰረሰርና ከቀፎው ጋር ታስሮ ፑንታውም ታፑም በእሱ ውስጥ ያልፋሉ። ሽፋኑ ራሱም እንደ መሪ ሊያገለግል ይችላል፤ ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ግን ያሳስታል። ፑንታው ላይ በቴፕ የጥልቀት ምልክት ይደረግ። ለአሉሚኒየም ላምባ ጥሩ የመቁረጫ ዘይት ነው። ታፑ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ፤ ከከበደ ወጥቶ ይጽዳ። የተሰበረ ታፕ ከተበላ ጥርስ የከፋ ችግር ነው፤ ታፑ ጠንካራ ስለሆነ ተራ ፑንታ አይቆርጠውም።

ድፍን ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ወይም ማጽጃ ተኝቶ እያለ ብሎን ማጥበቅም ይቅር። ፈሳሹ መውጫ አጥቶ የሚፈጥረው ግፊት ቀፎውን ሊሰነጥቀው ይችላል። በአየር ይነፋ፣ ዓይን ግን ይሸፈን።

ተደጋግሞ የሚከፈት ቦታ ከሆነ ጥገናው ሲያልቅ ብሎኑን በስተድና በዳዶ መተካት ከሁሉም ይጠቅማል። ስተዱ አንዴ አሉሚኒየም ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚያልቀው የብረት ጥርስ ነው፣ እሱም የሚተካ ነው።

ጥብቀቱን በቶርክ ቁልፍ፣ በሞተሩ ማኑዋል ልክ ያድርጉት። ኤም 6 በአሉሚኒየም ውስጥ በብዙ ማኑዋሎች ከ8 እስከ 12 ኒውተን ሜትር ነው። ለካንዴላ ሮንዴላ ያለው 14 ሚሊሜትር ከ25 እስከ 30፣ 12 ሚሊሜትሩ ከ15 እስከ 20፣ 10 ሚሊሜትሩ ከ10 እስከ 12። እነዚህ ቁጥሮች ለደረቅ ጥርስ ናቸው። ግራሶ ወይም ማላሻ ከተቀባ መፋተጉ ስለሚቀንስ፣ በዚያው ቁጥር ብሎኑ ከታሰበው በላይ ይጎተታል፤ ቁልፉ ግን ትክክል እንደሆነ ያሳያል።